የዱቄት ብጥብጥ ወደ ገንፎ ሲለወጥ፦ ውፍረት፣ ኃይልና የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ

በየጤና ተቋሙ የሕፃናት ክትትል ክፍል በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ሁኔታ አለ። የአሥር ወር ሕፃን ክብደት ከሁለት ወር በፊት ከነበረበት ፈቅ አላለም፤ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ተጋድሟል። ሕፃኑ ተቅማጥ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጡት ይጠባል። እናቲቱ ስትጠየቅ በቀን ሦስት ጊዜ አጥሚት እንደምትሰጠው፣ እሱም ኩባያውን ሳያስተርፍ እንደሚጠጣ ትናገራለች። የምትናገረውም እውነት ነው። ባለሙያው «ወፈር አድርገሽ ስጪው» ብሎ ያሰናብታታል። በሚቀጥለው ወር ስትመለስ ግን ሕፃኑ ገንፎውን በአፉ ይዞ እንደሚተፋው፣ ሲውጠው እንደሚያንቀውና ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን እንደሚያዞር ትገልጻለች። በመጨረሻም ወደ ቀድሞው ተመልሳ በውኃ ማቅጠን ጀምራለች።

«ወፈር አድርጊው» የሚለው ምክር ስሕተት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሚሰጠው የምክር አገልግሎት ማሠልጠኛም፣ ማንኪያ ላይ የሚቆይ ምግብ ከማንኪያ ከሚፈስሰው የበለጠ ኃይል እንደሚሰጥ ሰፍሯል። እናቲቱን ያጋጠማት ችግርም እውነተኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግጭት ከስንፍና ወይም ምክር ካለመስማት የመጣ ሳይሆን፣ ዱቄትና ውኃ በእሳት ላይ ሲገናኙ ከሚከተሉት ሕግ የመነጨ ነው። ይህን ሕግ የተረዳ ባለሙያ ከአንዲት ቃል ምክር አልፎ፣ እናቲቱ በዚያው ምሽት ልትሠራበት የምትችለውን መፍትሔ ሊያመለክታት ይችላል።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነው

ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥ አይሟሟም። ጨውና ስኳር ይሟሟሉ፤ የስታርች ቅንጣት ግን እንደ ጠጣርነቱ በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሲተዉትም ወደ ታች ይዘቅጣል። በመድኃኒት ቤት ከመወሰዳቸው በፊት በሚገባ እንዲነቀነቁ የሚታዘዙት ሰስፔንሽኖች ከዚሁ ወገን ናቸው። በእንዲህ ያለ ብጥብጥ ውስጥ የጠጣሩ መጠን ጥቂት እስከሆነ ድረስ፣ ቪስኮሲቲ የሚባለው፣ ማለትም ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ፣ ብዙም አይለወጥም። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመውና በ1911 ባረመው ስሌት እንዳሳየው፣ የቪስኮሲቲው ጭማሪ ጠጣሩ ከጠቅላላው ይዘት የያዘው ድርሻ 2.5 እጥፍ ያህል ነው። 10 ግራም ዱቄት በ90 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ፣ ቅንጣቶቹ የሚይዙት ከይዘቱ ከመቶ 7 ገደማ ስለሆነ፣ ቪስኮሲቲው ከንጹሕ ውኃ የሚበልጠው ከመቶ 17 ወይም 18 ያህል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በዓይን አይቶ መለየት ያዳግታል። ያልበሰለ የዱቄት ብጥብጥ እንደ ውኃ የሚንቆረቆረው በዚህ ምክንያት ነው።

እሳቱ ሲነድ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የውኃው ሙቀት ለየእህሉ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ የቅንጣቱን ውስጣዊ አካል አጥብቀው የያዙት ትስስሮች ይላላሉ፤ ውኃም ሰርጎ ይገባል። ይህ ለስንዴና ለገብስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ለበቆሎ ከ62 እስከ 72፣ ለጤፍ ደግሞ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መካከል የሚሆን ነው። (እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ ይህ ለሁሉም በቂ ነው።) እያንዳንዱ ቅንጣት ከራሱ ክብደት አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ቀደም ሲል ከይዘቱ ከመቶ 7 ብቻ ይዘው የነበሩት ቅንጣቶች አሁን አብዛኛውን ድስት ይሞላሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይነካካሉ።

ነገሩን ከአውቶቡስ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አሥር ሰው በተሳፈረበት አውቶቡስ ውስጥ ማንም ከፊት በር ወደ ኋላ በር እንደ ልቡ ይሄዳል። ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ጊዜ ግን አንዱ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ሌሎቹ ሁሉ ገለል ማለት አለባቸው። ከተወሰነ መጠጋጋት በኋላ ጥቂት ሰው ሲጨመር እንቅስቃሴው በጥቂቱ አይቀንስም፤ ጭራሹኑ ይቆማል። ገንፎም እንደዚሁ ነው። ዱቄቱ በእጥፍ ሲጨመር ውፍረቱ በእጥፍ ብቻ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እናቶች «ትንሽ ዱቄት ጨመርኩበት፣ ድንጋይ ሆነ» የሚሉት ማጋነን አይደለም።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚገኘው ነገር ፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ ጄል ነው። ፈሳሽ ምንም ያህል ቢወፍር ጊዜ ከተሰጠው ይፈስሳል። ጄል ግን የሚገፋው ኃይል ከተወሰነ መጠን በላይ እስካልሆነ ድረስ ጨርሶ አይፈስስም፤ ማንኪያ ላይ ተቆልሎ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ሲማሰል ይላላል፣ ሲተዉት መልሶ ይጠብቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ፣ ከቅንጣቶቹ ሾልኮ የወጣው አሚሎስ የተባለ ረጅም ሞለኪውል እርስ በርሱ እየተያያዘ መረብ ስለሚሠራ፣ ይበልጥ ይረጋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተግባር ከሁሉም የሚበልጥ ትርጉም አለው። እናት የገንፎውን ውፍረት የምትመዝነው ድስቱ በሚንተከተክበት ጊዜ ነው፤ ሕፃኑ የሚበላው ግን ለብ ሲል ነው። በእሳቱ ላይ ልከኛ የነበረው ገንፎ ሕፃኑ አፍ ሲደርስ የወፈረ ይሆናል። በሚቀጥለው ቀን ውኃ የሚጨመርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የሕፃኑ ሆድና የኩባያው ይዘት

የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ግራም ክብደት 30 ግራም ገደማ ምግብ እንደሆነ ይገመታል። 8 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ይህ 240 ግራም፣ ማለትም አንድ ኩባያ ያህል ነው። በሌላ በኩል በማደግ ላይ ባሉ አገሮች አማካይ የእናት ጡት ወተት የሚያገኝ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን የሚያስፈልገው ኃይል ከ6 እስከ 8 ወር ዕድሜ 200፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው።

አንድ ግራም የእህል ዱቄት 3.6 ኪሎካሎሪ ያህል ይሰጣል እንበል። ከመቶ 5 ብቻ ዱቄት ያለው ቀጭን አጥሚት በ100 ግራም 18 ኪሎካሎሪ ይይዛል። ሕፃኑ ሙሉ ኩባያ በቀን ሦስት ጊዜ ቢጠጣ የሚያገኘው 130 ኪሎካሎሪ ገደማ፣ ማለትም የአሥር ወር ሕፃን ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው። በዱቄት ከመቶ 10 ቢሆን 260 ይደርሳል፤ አሁንም ይጎድላል። ከመቶ 20 ቢሆን ግን ሁለቱ ኩባያዎች ብቻ 345 ኪሎካሎሪ ይሰጣሉ። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፦ የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ65 እስከ 70 ኪሎካሎሪ ስለሚይዝ፣ ሆዱን በቀጭን አጥሚት ሞልቶ ጡት የሚቀንስ ሕፃን አንድ እጅ ኃይል ለማግኘት አራት እጅ ይከፍላል። እናቲቱ ስለምትሰጠው ኩባያ ብዛት የተናገረችው እውነት ሆኖ ሳለ ካርዱ ላይ ያለው መስመር የተጋደመው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከመቶ 20 ማድረግ ነዋ! ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕፃናት ሳይቸገሩ ሊውጡት የሚችሉት ውፍረት ከ1,000 እስከ 3,000 ሴንቲፖይዝ ባለው ክልል ውስጥ እንደሆነ በብዙ ጥናቶች ተወስዷል፤ የውኃ ቪስኮሲቲ በክፍል ሙቀት 1 ሴንቲፖይዝ ነው። በተለመደው አሠራር የተዘጋጀ የእህል ገንፎ ይህን ወሰን የሚያልፈው ዱቄቱ ከመቶ 10 ገደማ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሳለ ነው። ከመቶ 20 ያለው ገንፎ ለአዋቂ ምግብ ነው፤ ምላሱንና መንጋጋውን ገና ለሚያለማምድ ሕፃን ግን ከባድ ሥራ ይሆንበታል። ሕፃኑ ፊቱን ያዞረው ስለጠገበ አይደለም፤ ስለደከመው ነው።

ቀጭን አጥሚት ፈጽሞ የተጠላ ነው ማለት አይደለም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በቤት ውስጥ ከሚሰጡት ፈሳሾች አንዱ በመሆን የሚጠቅመው ቀጭን በመሆኑ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው በሕመም ጊዜ እንደ መጠጥ የታዘዘው ነገር ሕመሙ ካለፈ በኋላ እንደ ምግብ ሲቀጥል ነው። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ሁለቱን በግልጽ ሳይለይ «አጥሚት ስጪው» ብሎ ከተወ፣ ቃሉ ለወራት ሊዘልቅ ይችላል።

ውኃ ሳይጨምሩ ማቅጠን

ውፍረቱን የሚፈጥረው የዱቄቱ ኃይል ሳይሆን የሞለኪውሎቹ ርዝመትና ያበጡት ቅንጣቶች ከሆኑ፣ ምግቡን ሳይነኩ ውፍረቱን ብቻ መቀነስ ይቻላል ማለት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ነገር በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ለጠላ ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው፦ ብቅል።

እህል በበቀለ ጊዜ ለቡቃያው ስንቅ የሚሆነውን ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አልፋ አሚሌዝ የስታርቹን ሰንሰለት ከመካከሉ ይቆርጣል። ረጅም ገመድ በጥቂት ቦታ ላይ ቢቆረጥ ክብደቱ አይቀንስም፤ ነገር ግን መጠላለፉ ይቀራል። በሺህ ከሚቆጠሩት የሰንሰለቱ መገጣጠሚያዎች ጥቂቶቹ ብቻ ሲበጠሱ፣ ያበጡት ቅንጣቶች ይፈርሳሉ፣ መረቡ ይበጣጠሳል፣ የቆመው ገንፎ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። ኪሎካሎሪው ግን እንዳለ ነው። ጥቂት ጣዕመ ጣፋጭም ይሆናል።

ለአንድ ጊዜ መመገቢያ 50 ግራም ያህል ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ በደንብ ይበስላል። ድስቱ ከእሳት ወርዶ መንተክተኩን ካቆመና ጥቂት ደቂቃ በረድ ካለ በኋላ አንድ ልጥ ያለ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት፣ ማለትም ከዋናው ዱቄት ከመቶ 5 ያህል፣ ተጨምሮ ይማሰላል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲቀጥን በዓይን ይታያል። ከዚያም እንደገና ለጥቂት ደቂቃ መንተክተክ ይኖርበታል። ይህ ዳግም ማፍላት በምንም ምክንያት የሚተው አይደለም፤ እህሉ ለቀናት በእርጥበትና በሞቃት ቦታ ሲበቅል ሰንብቶ ያለ እሳት የደረቀ ስለሆነ፣ ብቅሉ ብዙ ተዋሕስያን ይኖሩበታል።

ሁለት ስሕተቶች ውጤቱን ያበላሻሉ። አንደኛው ብቅሉን በሚንተከተክ ገንፎ ላይ መጨመር ሲሆን፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር በሙቀቱ ይሞታል። ሌላው የተቆላ እህል መጠቀም ነው። ለጠላ የሚዘጋጀው አሻሮ የተቆላ ስለሆነ አያቀጥንም፤ የሚፈለገው በፀሐይ ብቻ የደረቀ ብቅል ነው። ጌሾ የተቀላቀለበት ዱቄት ለሕፃን የሚሰጥ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ቢመስልም፣ በምክር ጊዜ መጥቀሱ አይጎዳም።

የማሽላ ብቅል የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የማሽላ ቡቃያ ዱሪን የተባለ ንጥረ ነገር ያከማቻል፤ ይህም ሲፈጭ ሃይድሮሲያኒክ አሲድ፣ ማለትም ሲያናይድ፣ ይለቃል። አብዛኛው የሚገኘው በቀንበጡና በሥሩ ላይ ስለሆነ፣ ብቅሉ ከደረቀ በኋላ ታሽቶ እነዚህ ፈጽመው መወገድ አለባቸው። ገብስ ወይም ስንዴ በሚገኝበት ቤት ግን ለሕፃን የማሽላን ብቅል መምረጥ አያስፈልግም። ከየትኛውም እህል የተዘጋጀ ቢሆን ሻጋታ የታየበት ይጣላል።

ይህ ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በሕንድና በታንዛኒያ ተመራማሪዎች በሰፊው ሠርተውበታል፤ በታንዛኒያ የብቅሉ ዱቄት ኪሜአ በሚባለው የስዋሂሊ ስሙ ይታወቃል። ገንፎውን የማቅጠን ችሎታው አያጠራጥርም፤ ሕፃናት በአንድ ጊዜ የሚያገኙት ኃይል መጨመሩም በብዙ ቦታ ታይቷል። በቁመትና በክብደት እድገት ላይ ያለው ውጤት ግን ከቦታ ቦታ ወጥ አይደለም። ይህ ሊያስገርም አይገባም። የሕፃን እድገት በኃይል ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ብቅል ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ አይጨምርም፣ ተቅማጥንም አያስቀርም። ስለዚህ ብቅሉ አንድን ጠባብ ችግር የሚፈታ መሣሪያ ነው፤ ችግሩ በሌለበት፣ ለምሳሌ ሕፃኑ ወፍራሙን ገንፎ ያለ ችግር በሚበላበት ቤት፣ አላስፈላጊ ድካም ይሆናል።

አሚሌዝ በምራቅ ውስጥም አለ። ሕፃኑ የላሰው ማንኪያ ወደ ሳሕኑ ሲመላለስ ገንፎው ከዳር እስከ ዳር እየቀጠነ ይመጣል፤ አንዳንድ እናቶችም ተበላሽቷል ብለው ይደፉታል። አልተበላሸም፤ ሆኖም ተርፎ ከዋለ ተዋሕስያን ስለሚራቡበት ለቀጣዩ ጊዜ ማስቀመጥ አይገባም።

ውፍረት ሲያታልል

እስካሁን የተነገረው ቀጭን ምግብ ሁልጊዜ ደካማ እንዳልሆነ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው። አብሽ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ያለ እሳት ብዙ ውኃ አቅፎ የሚይዝ ሙጫ ነው። ጥቂት አብሽ አንድ ኩባያ ውኃን ሊያወፍር ይችላል፤ ይህ ውፍረት ግን በሕፃኑ አንጀት የማይፈጭ ጭረት ስለሆነ ከኃይል አንጻር ከቁጥር አይገባም። አብሽ የተጨመረበት አጥሚት ማንኪያ ላይ ስለቆየ ብቻ በቂ ምግብ ነው ተብሎ ሊገመት አይገባም። የማንኪያው ፈተና ጠቃሚ የሚሆነው ውስጡ ያለው ነገር ሲታወቅ ብቻ ነው። በመሆኑም ባለሙያው «ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ስንት ማንኪያ ዱቄት በስንት ኩባያ ውኃ?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። ይህ ጥያቄ ጊዜ የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ብቅል በማይገኝበት ቤት ውኃ የማይጠጣና የማያብጥ ኃይል መጨመር ሌላው መንገድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ 40 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ገንፎውን አያወፍርም፣ ይልቁንም ጥቂት ያለሰልሰዋል። ያም ሆኖ ዘይት ኃይል እንጂ ሌላ ንጥረ ነገር እምብዛም ስለሌለው ማብዛቱ ምግቡን በሌላ በኩል ያሳሳዋል። ገንፎውን ከውኃ ይልቅ በወተት ማብሰል፣ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቆ መጨመር ወይም የተፈጨ ኦቾሎኒ መቀላቀል ከተቻለ ይመረጣል።

አጣዳፊ የምግብ እጥረት የያዘው ሕፃን ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ለእሱ ገንፎ ማስተካከል ሕክምና አይሆንም፤ በሕክምና መመሪያው መሠረት ሊታከም ይገባል። ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚሰጠው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንና ሚሼል ሌስካን እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሱበት ፕላምፒነት፣ ከላይ የተገለጸውን ችግር የሚያመልጠው በቀላል መንገድ ነው። የወተት ዱቄቱና ስኳሩ የሚንሳፈፉት በውኃ ሳይሆን በኦቾሎኒ ቅባትና በዘይት ውስጥ ነው። ውኃ ስለሌለ የሚያብጥ ነገር የለም፣ ተዋሕስያንም አይራቡበትም፤ ስለሆነም 92 ግራም በሚመዝን አንድ ከረጢት ውስጥ 500 ኪሎካሎሪ ሊታሸግ ችሏል። እናቶች ሕፃኑ ቶሎ እንዲውጠው በማሰብ ይህን ቅባት በአጥሚት ሲበጠብጡት ይታያል። ያን ጊዜ ሕፃኑ መድኃኒቱን ለመጨረስ ሙሉ ኩባያ ሆዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ ግማሹን ከተወው የቀኑ መጠን ግማሹ ይቀራል፣ የተረፈውም እንደ ማንኛውም አጥሚት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ሕፃኑ ቅባቱን እንዳለ ከከረጢቱ እንዲበላ፣ ንጹሕ ውኃም ለብቻው እንዲጠጣ ለእናቲቱ መንገር ብቻ ሳይሆን፣ የመጀመሪያዋን ከረጢት በባለሙያው ፊት ከፍታ እንድታበላው ማድረግ ያስፈልጋል።